ኮፈን የሌላቸው መኪኖች ከተማ

ፀሐይ ከዞብል ተራራ በላይ ብቅ ስትል የቆቦ አስፋልት ቀድሟት ነቅቷል። ባጃጆች ከየሰፈሩ እየወጡ ተራቸውን ይይዛሉ። ሽንኩርትና ቲማቲም የጫነ አይሱዙ ፊቱን ወደ ወልድያ አዙሮ ሞተሩን ያሞቃል፤ ረዳቱ የሸራውን ገመድ ዞሮ ይፈትሻል። ከአላማጣ በኩል የመጣ ዶልፊን ሁለት ሰው አውርዶ ሦስት ይጭናል። ሲኖትራኩ ከተማዋን በአንድ ረጅም ክላክስ አቋርጦ ያልፋል። በመሀል ጋሪው፣ አህያው፣ ግመሉና ፍየሉ የየራሳቸውን መንገድ ይፈልጋሉ።

የቆቦን ሰውና ምርት የሚያጓጉዙት እነዚህ መኪኖች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ከፊታቸው የሚከፈት ኮፈን የላቸውም። የባጃጅ ሞተር ከኋላ፣ ከተሳፋሪው መቀመጫ በታች ነው። የዶልፊኑ ከጋቢናው ወንበር ሥር ተሸሽጓል። የአይሱዙንና የሲኖትራክን ሞተር ለማየት ጋቢናው ራሱ ወደ ፊት ይደፋል። ኮፈን ያለው መኪና የፈለገ ሰው የመሥሪያ ቤት ላንድክሩዘር፣ የነጋዴ ሃይሉክስ፣ አለዚያም ከአዲስ አበባ የዘለቀ ቪትዝ ወይም ኮሮላ እስኪያልፍ መጠበቅ አለበት።

በሌላው ዓለም ግን መኪናውን ከብጤዎቹ ለመለየት የተነሣ ሰው እጁ ቀድሞ የሚያርፈው እዚያው ኮፈን ላይ ነው። ከፋብሪካ የመጣውን የብረት ኮፈን ያወልቅና በምትኩ በካርቦን ፋይበር የተሠራ ጥቁር ኮፈን ያስገጥማል። ቀለም አያስቀባውም። ዋጋው ያለው ከላዩ በሚታየው ሽመና ነውና ግልጽ ቫርኒሽ ብቻ ተቀብቶ፣ ሰያፍ መስመሮቹ ብርሃን ሲያርፍባቸው አንዴ ግራጫ አንዴ ጥቁር እየመሰሉ እንዲታዩ ይተወዋል።

ለዚህ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው የሚጠቅሳቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ክብደት ነው። የአንድ ተራ የቤት መኪና የብረት ኮፈን ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሲመዝን፣ በወጉ የተሠራ የካርቦን ኮፈን የዚያን ግማሽ ወይም ከዚያም ያነሰ ይመዝናል። ክብደቱ የሚቀነሰው ደግሞ ከፊት ጎማዎች ላይ ስለሆነ መኪናው ጥምዝ ላይ ሲገባ ይታዘዛል። ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ ብዙዎቹ ኮፈኖች ከሞተሩ በላይ የሚተነፍሱበት ቀዳዳ ይወጣላቸዋል። ሦስተኛው መልክ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ለአብዛኛው ገዢ ሦስተኛው ምክንያት አንደኛ ነው። በውድድር ሜዳ ሰከንድ ከሰከንድ ለማያወዳድር ሰው አሥር ኪሎ መቀነስ አንድ ሻንጣ ቤት ትቶ ከመውጣት አይበልጥም።

የመልክ ፍላጎት ቆቦ ላይም ሞልቷል። ቆቦ ያለችበት ራያ ጌጥ የሚያውቅ አገር ነው። በነሐሴ የሶለል በዓል ሲደርስ ልጃገረዶች ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ አንገታቸውን በጌጥ ሞልተው በከበሮ አደባባይ ይወጣሉ። ባጃጅ ከመምጣቱ በፊት የጋሪ ፈረስ ግንባር ላይ ቀይ ዘርፍ ይንጠለጠል ነበር፤ ዛሬም ይንጠለጠላል። ኮፈን የለም ማለት ጌጥ የለም ማለት አይደለም። ጌጡ ሌላ ቦታ ፈልጎ አገኘ እንጂ።

ቦታው ባጃጅ ነው። ከሕንድ ፋብሪካ ሲወጡ ሁሉም አንድ ናቸው። ቆቦ ላይ ጥቂት ወር የሠራ ባጃጅ ግን ከጎኑ ካለው ጋር አይምታታም። የፊት መስታወቱ ግንባር በባለቀለም ፕላስቲክ ይታሰራል። ወንበሩ በቆዳ መሰል ልብስ ይሰፋል፤ ከጣሪያው ዙሪያ መጋረጃና ዘርፍ ይወርዳል። ሁለት የነበረው ስፖኪዮ አራት ይሆናል። ፍሬቻው አጠገብ ማታ የሚብለጨለጭ መብራት ይሰለፋል፤ ከኋላ ወንበር ጀርባ ስፒከር ይገባል። የማርያም ወይም የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል፣ ወይም የካዕባ ፎቶ፣ ከሾፌሩ ዓይን ፊት ይለጠፋል። የአርሰናልና የማንችስተር ዓርማ በሩን ይጋራሉ። ከኋላ ስለ እናት፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ምቀኛ የሚናገር ጽሑፍ አይጠፋም።

ይህን እንደ ወጣት ዘበናይነት ብቻ የሚያይ ሰው ግማሹን ስቷል። ብዙ ሾፌር የሚነዳው የራሱን ባጃጅ አይደለም፤ ማታ ማታ የተወሰነ ገቢ ለባለቤቱ ያስረክባል፣ የተረፈው የእሱ ነው። የተረፈውን የሚወስነው ደንበኛ ነው። ገበያ ውላ ዕቃዋን ይዛ የምትመለስ እናት ታርጋ አታነብም፤ «ያ ቀይ መጋረጃ ያለው ልጅ» ብላ ትፈልገዋለች። ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ሲያስፈልግ ስልክ የሚደወለው መብራቱ ለሚታወቀው ባጃጅ ነው። ጌጡ ስም ነው። ስም ደግሞ እንጀራ ነው።

በዚህ ጌጥ መሀል ካርቦንም አለ፤ ግን በስቲከር መልክ። ጥቅሉ ተዘርግቶ በመቀስ ይቆረጣል፣ ጀርባው ይላጣል፣ በፀጉር ማድረቂያ እየሞቀ የባጃጁ አፍንጫ ወይም የቪትዙ ጣሪያ ላይ ይለጠፋል። የአረፋው አየር በፕላስቲክ ካርድ እየተገፋ ይወጣል። ከሁለት ሜትር ርቀት ሲያዩት ሽመናው ትክክለኛ ነው፤ ሰያፉም፣ ጥቁሩም፣ ግራጫውም አለ። ውስጡ ግን የታተመ ፕላስቲክ ነው። ክብደት አይቀንስም፤ ጥቂት ግራም እንዲያውም ይጨምራል።

እውነተኛው ካርቦን ፋይበር ክር ነው። አብዛኛው የሚሠራው ከሹራብ ክር ጋር ዘመድ ከሆነ አክሪሊክ ነክ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ክሩ መጀመሪያ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ አየር ውስጥ ይጠበሳል። ቀጥሎ ኦክስጅን በሌለበት ምድጃ ከ1000 ዲግሪ በላይ ይከስላል። ሌላው ሁሉ ተንኖ ሲያልቅ የሚቀረው ከ90 በመቶ በላይ ካርቦን የሆነ፣ ከ5 እስከ 7 ማይክሮን የሚወፍር ጭረት ነው፤ የሰው ፀጉር የዚህን 10 እጥፍ ገደማ ይወፍራል። 3000 ያህሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ አንድ ማግ ይሆናል፣ ማጉ ይሸመናል፣ ጨርቁ በኢፖክሲ ሙጫ ርሶ ቅርጽ ማውጫ ላይ ይነጠፋል። ሙጫው ሲደርቅ ጨርቁ ገላ ይሆናል። የተጠናቀቀው ነገር በተመሳሳይ መጠን ሲመዘን ከብረት አምስት እጥፍ ገደማ ይቀላል።

መንገዱ ረጅም ነበር። ሮጀር ቤከን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1958 ኦሃዮ በሚገኘው የዩኒየን ካርባይድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጠንካራውን የካርቦን ክር አገኘ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጃፓናዊው አኪዮ ሺንዶ ከአክሪሊክ ክር የማክሰሉን ዘዴ አበጀ፤ ፋርንቦሮ ያሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎችም ለአውሮፕላን የሚሆን ጥንካሬ ሰጡት። በ1981 ጆን ባርናርድ የነደፈው የማክላረን ኤምፒ4/1 መኪና ሙሉ ገላው ከካርቦን ተሠርቶ ፎርሙላ 1 ገባ። ብዙዎች ሲጋጭ እንደ ሸክላ ይሰባበራል ብለው ይፈሩ ነበር። በዚያው ዓመት ሞንዛ በተባለው የውድድር ሜዳ ጆን ዋትሰን በኃይል ተጋጭቶ መኪናው ለሁለት ሲከፈል፣ ሾፌሩ ግን በእግሩ ወጣ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ አበቃ። ቴክኖሎጂው ከውድድር ወደ ውድ መኪኖች፣ ከውድ መኪኖች ወደ ጎዳና ወረደ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ኮርቬት ዚ06 በልዩ ዕትሙ የካርቦን ኮፈን ከፋብሪካ ለብሶ ወጣ። ከፋብሪካ ውጭ ኮፈን ሠርተው የሚሸጡ ወርክሾፖችም ተባዙ።

ኢትዮጵያዊ ከዚህ ነገር ጋር የተዋወቀው በመኪና አይደለም፤ በሰማይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ሲረከብ ከአፍሪካ ቀዳሚው ነበር። የዚህ አውሮፕላን ክብደት ግማሽ ያህሉ ከካርቦንና መሰል የክርና የሙጫ ውሁድ የተሠራ ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ኤርባስ ኤ350 ተከተለ፤ እዚያም ውሁዱ ከግማሽ ያልፋል። በእግርም ቢሆን ተዋውቀናል። ትዕግሥት አሰፋ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በበርሊን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር የተጫማችው ጫማ አንዱ እግር 138 ግራም ነበር፤ ሶሉ ውስጥ ካርቦን የገባባቸው ዘንጎች ተቀብረዋል።

ካርቦን ሲጎዳ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ የሚያስረዳውም የኛው አውሮፕላን ነው። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. በለንደን ሂትሮ አየር ማረፊያ ቆሞ የነበረ፣ ኢቲ-ኤኦፒ የሚል መለያ የተሰጠውና በንግሥተ ሳባ የተሰየመ 787 ከጅራቱ አካባቢ በእሳት ተያያዘ። ውስጡ ሰው አልነበረም። የእንግሊዝ መርማሪዎች መነሻው የአደጋ ጊዜ ምልክት ማሰራጫ መሣሪያው የሊቲየም ባትሪ መሆኑን ደረሱበት። ጥያቄው ከዚያ በኋላ መጣ፤ የተቃጠለ የካርቦን ገላ እንዴት ይጠገናል? አሉሚኒየም ቢሆን ላሜራው ተነሥቶ በአዲስ ይተካ ነበር። እዚህ ግን ጉዳቱ የት ድረስ እንደዘለቀ በዓይን አይታይም። የተጎዳው ክፍል ተቆርጦ ወጣ፣ አዲስ የካርቦን ገላ ተሠርቶ በቦታው ተተካ፣ አውሮፕላኑም በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ወደ ሥራ ተመለሰ።

የቆቦ ላሜራ ሠሪ ከዚህ ታሪክ የሚረዳው ነገር አለው። እሱ ዕድሜውን ያሳለፈው ከሚታይ ጉዳት ጋር ነው።

ሥራው ደጅ ነው፤ ጥላ ካለ ጥላ ሥር፣ ከሌለ ሸራ ወጥሮ። ፓራፋንጎው የተጨራመተ ሃይሉክስ ይመጣል፤ ላም ገጭቶ፣ ወይም ዝናብ ባመጣው ጎርፍ የወረደ ድንጋይ መትቶት። ላሜራ ሠሪው መጀመሪያ በእጁ መዳፍ ይዳብሰዋል። ከውስጥ በኩል ማንጠፊያ ብረት ደግፎ ከውጭ በመዶሻ ይነካካል፤ አይመታም፣ ያባብላል። ብረት ትዝታ ያለው ይመስል ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። እምቢ ያለው ቦታ በኦክስጅን ይሞቃል። የተቀደደው ይበየዳል። ከዚያ ስቱኮ ይለቀለቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ እንደገና ይለቀለቃል፣ እንደገና ይታሻል። ቀለም ቀቢው ኮምፕሬሰሩን አስነሥቶ ሲጨርስ የትኛው ጎን ተጎድቶ እንደነበር ባለቤቱ ራሱ ይጠራጠራል።

ይህ እጅ የአንድ ትልቅ የአገር ልማድ አካል ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚገኙ ገላ ሠሪዎች የአይሱዙ ሻንሲ ላይ የብረት አጽም በይደው፣ ላሜራ አልብሰው፣ ወንበር ደርድረው አውቶቡስ አድርገውታል፤ መንገደኛው «ቅጥቅጥ» የሚለውን። የጭነት መኪና ስፖንዳ ይሠራሉ፣ ፖርቶመጋላ ይሠራሉ፣ የተቆረጠ ሻንሲ ያራዝማሉ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ያልተገኘ ክፍል በእጅ ይሠራል። ፋብሪካው ያላሰበው መኪና በእነዚህ እጆች ተፈጥሯል። እንግዲህ መኪናን ለራስ አድርጎ መለወጥ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር ነው የሚል ሰው መንገድ ዳር ቆሞ አላየም ማለት ነው።

ደግሞም ጊዜው መኪና እንዲጣል አይፈቅድም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ከከለከላቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች መካከል የቤት መኪኖች ነበሩ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ፤ በዚህ ውሳኔ ኢትዮጵያ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ስለዚህ አሁን መንገድ ላይ ያለው ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። ቆቦ ላይ ሌላም ምክንያት አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ይህ ጎዳና ብዙ ጊዜ ጦር ተመላልሶበታል፤ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ውጊያው ዳግም ያገረሸው በዚሁ በቆቦ አቅራቢያ ነበር። ከዚያ ሁሉ ተርፎ የሚንቀሳቀስ መኪና ለባለቤቱ ንብረት ብቻ አይደለም፤ የተረፈ ነገር ነው። ቢያስጌጠው ማን ይፈርድበታል?

ይሁንና እውነተኛ የካርቦን ኮፈን ለሃይሉክሱ ወይም ለቪትዙ ገዝቶ ለማምጣት የሚያስብ ሰው ቆቦ ላይ ከመግጠሙ በፊት ማወቅ ያለበት ነገር ብዙ ነው።

ገበያ ላይ «ካርቦን» ተብሎ የሚሸጠው ኮፈን ሁሉ አንድ አይደለም። ብዙው ከላይ አንድ ነጠላ የካርቦን ጨርቅ ለብሶ ከሥሩ ፋይበር ግላስ ነው። ይህ ማታለል ላይሆን ይችላል፤ ዋጋ ይቀንሳል፣ ለመልክም ይበቃል። የክብደት ጥቅሙ ግን አብሮ ይቀንሳል። የሙጫው ዓይነትም ወሳኝ ነው። በሙቀት በሚያበስል ምድጃ ውስጥ በግፊት የደረቀ ሙጫና በክፍል ሙቀት የደረቀ ሙጫ ሙቀትን እኩል አይችሉም። የሁለተኛው ዓይነት ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቀት መለስለስ ሊጀምር ይችላል። ቆላ ውስጥ ቀትር ላይ የቆመ ጥቁር ገላ፣ ከሥሩ የሞተር ሙቀት ሲጨመርበት፣ ወደዚያ ልክ መድረሱ አይቀርም። ቆቦ 1,470 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትገኝም የግንቦት ፀሐይዋን ለሚያውቅ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ኮፈኑ ትንሽ ከተጎበጠ ዳሩ አይገጥምም፤ ነፋስ ይገባበታል።

ነፋሱ ነው የሚያስፈራው። ቀላል ኮፈን በመኪናው የቀድሞ መቆለፊያ ብቻ ከተያዘ፣ መቆለፊያው የተጣበቀበት ቦታ ሊላቀቅና ኮፈኑ እየሄደ ሳለ ተገልጦ የፊት መስታወቱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የውድድር መኪኖች ሁለት ተጨማሪ ካስማ ከፊት የሚያስገቡት ለዚህ ነው። የፋብሪካው የብረት ኮፈን ደግሞ በግጭት ጊዜ መሀሉ ላይ እንዲታጠፍ ሆን ተብሎ ተነድፏል፤ ወደ ጋቢናው እንዳይገባ። ርካሽ ቅጂ ለዚህ አልተፈተነም። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወርደው መንገድ ላይ ግመል ወይም በሬ ድንገት በሚገባበት ሁኔታ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ፀሐይ ሌላም ሥራ አላት። ኢፖክሲ ሙጫ ከአልትራቫዮሌት ጨረር የሚከላከል ጥሩ ቫርኒሽ ካልተቀባ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይሰነጣጠቃል። አቧራ ደግሞ ቫርኒሹን ይፍቀዋል። ሲሰነጠቅ ላሜራ ሠሪው መዶሻውን ይዞ ቢመጣ አይረዳም። ካርቦን አይጨራመትም፤ ወይ ይችላል ወይ ይሰበራል፣ አንዳንዴም ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ ንብርብሩ ይለያያል። የሂትሮው አውሮፕላን ያስተማረው ይህንኑ ነው።

ወረቀቱም አለ። የመኪና ሊብሬ ላይ ቀለሙ ተጽፏል። ነጭ የነበረ መኪና በስቲከር ሙሉ ለሙሉ ጥቁር ከሆነ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ጥያቄ ይነሣል፤ መዝገቡን ቀድሞ ማስለወጥ ይቀላል። ለኮፈን ብቻ ቢሆን ችግሩ ይቀላል። የፊት መስታወትን የሚጋርድ ስቲከርና የኋላ መብራትን የሚያደበዝዝ ፕላስቲክ ግን ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ከማጋጨቱ በፊት ሰው ያስገጫል። ባጃጆቹ ላይ ይህ በብዛት ይታያል፤ ጌጡን የሚወድ ሁሉ እዚህ ላይ ቢጨክን ይሻላል።

አሁን ወደ ክብደት እንመለስ፤ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚያ ነው። 2000 ሲሲ ሞተር ላለው መኪና አሥር ኪሎ ምንም አይደለም። ባጃጅ ግን ባዶውን 350 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሞተሩ ብዙ ጊዜ 200 ሲሲ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው፣ ጉልበቱም 10 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ሾፌሩና ሦስት ተሳፋሪ ሲጨመሩ ክብደቱ ከግማሽ በላይ ይጨምራል። በዚህ ላይ ስፒከሩ፣ ተጨማሪ የብረት መከላከያው፣ ከኋላ የተበየደው ዕቃ መጫኛ፣ ወፍራሙ ወንበር አለ። ሠላሳ ኪሎ ጌጥ የተሸከመ ባጃጅ አንድ ልጅ በነፃ ሲያመላልስ ይውላል ማለት ነው። ቤንዚን እንደልብ በማይገኝበት ጊዜ ይህ ከሾፌሩ ኪስ ይወጣል። የቀላል ገላ ሳይንስ በዓለም ላይ ከማንም በላይ የሚጠቅመው ለዚህ ሾፌር ነው። ለእሱ የደረሰው ግን የሳይንሱ ፎቶ ብቻ ነው።

ካርቦን ራሱ ለባጃጅ አይታሰብም፤ ዋጋው አይፈቅድም። ሐሳቡ ግን ከካርቦን ይሰፋል። ጠንካራ ክር በሙጫ ይያዝ የሚለው ነው መሠረቱ፤ ክሩ ምን ይሁን የሚለው የአገሩ ጉዳይ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ብረት ሲያጥራት እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ትራባንት የተባለ መኪና ሠራች፤ ኮፈኑና በሮቹ ከጥጥ ጭረትና ከሙጫ ተጨምቀው የተሠሩ ነበሩ። እስከ 1991 ድረስ ሦስት ሚሊዮን ያህል ተመርቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ፖርሽ ለውድድር ያወጣው ካይማን ጂቲ4 ክለብስፖርት በሮቹና የኋላ ክንፉ ከተልባና ከሄምፕ ጭረት የተሠሩ ናቸው። ተልባ! ወሎ ውስጥ በጾም ወጥ የሚሠራበት ተክል ዘመድ ጀርመን አገር የውድድር መኪና በር ሆኗል።

ራያ ደግሞ ቃጫ አለው። በደረቁ መሬት በአጥርና በቦይ ዳር ይበቅላል፤ ቅጠሉ ተፍቆ ጭረቱ ወጥቶ ገመድ ይከረራል። የቃጫ ጭረት በጥንካሬ ካርቦን አጠገብ አይደርስም፤ ሰባት እጥፍና ከዚያም በላይ ያንሳል። ሆኖም ከፋይበር ግላስ ክር ይቀላል፣ ሲቆረጥ ሳንባ የሚያሳክክ ብናኝ አያነሣም፣ አጠገብ ይገኛል። በአገሪቱ የምህንድስና ተቋማት ውስጥ ተማሪዎችና መምህራን ቃጫን፣ እንሰትንና ቀርከሃን ከሙጫ ጋር አዋህደው ለመኪና የውስጥ አካል እንዲሆን ሲያጠኑ ቆይተዋል። ጥናቶቹ ብዙዎቹ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ላሜራ ሠሪው ዘንድ አልደረሱም፤ መድረስ ያለባቸው ግን እዚያ ነው።

ችግሮቹ የታወቁ ናቸው። ቃጫ ውኃ ይጠጣል፤ ዳሩ በሙጫ በደንብ ካልታሸገ በክረምት ያብጣል። ሙጫ በቀላሉ አይጣበቅበትም፤ ስለዚህ ጭረቱ አስቀድሞ በቀጭን የኮስቲክ ሶዳ ውኃ ተዘፍዝፎ፣ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ በፀሐይ መድረቅ አለበት። ሙጫውና ማጠንከሪያው ከውጭ ይገባሉ፤ ሲቀላቀሉ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ይፈልጋሉ፣ ክፍት አየር ላይ መሠራት አለባቸው። መቆለፊያ፣ ማጠፊያና መሪ አካባቢ ያለ ነገር በዚህ አይሞከርም።

የሚሞከርበት ቦታ ግን ባጃጁ ላይ ሞልቷል፤ የኋላው የሞተር መዝጊያ፣ የመሪው ሥር ሳጥን፣ የጭቃ መከላከያው፣ የስፒከሩ ቤት። ሥራው ከባድ ምርምር አይፈልግም። የሞተር መዝጊያው ተነቅሎ ይመዘን። በእሱ ላይ ሰም ተቀብቶ እንደ ቅርጽ ማውጫ ያገልግል፤ ሦስት ንብርብር ቃጫና ሙጫ ይነጠፍበት፣ በከረጢት ውስጥ ያለ አሸዋ ይጫንበትና ይደር። በነጋታው ተነሥቶ ዳሩ ይስተካከል፣ ይመዘን። ለሳምንት ውኃ ውስጥ ይቆይና እንደገና ይመዘን፤ ምን ያህል እንደጠጣ ሚዛኑ ይናገራል። ከዚያ አንድ ፈቃደኛ ሾፌር ባጃጁ ላይ ገጥሞ ወደ ሮቢትና ጎብዬ፣ ወደ ዋጃም ያመላልሰው። ብሎኑ የገባባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን በየሳምንቱ ይይ። ቀለሙን እሱ ይምረጥ፤ መጋረጃውም እንደ ድሮው ቀይ ይሁን።